ዓርብ የላይኛው ሰፈር ተራ ነበር

ዘንዘልማ ቤት ሠርተን ስንገባ ዙሪያችን ገና የጤፍና የጓያ ማሳ ነበር። ባጃጅ ከአስፋልቱ ዳር ያወርደንና የቀረውን መንገድ ጭቃ እየረገጥን እንገባለን። መብራት በሁለተኛው ዓመት መጣልን፤ ውሃ ግን አልመጣም። ከሰፈራችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ ላየ ሰው ጣና ከነስፋቱ ተዘርግቶ ይታያል። እኛ ደግሞ ከጉብታው ሥር ጀሪካን ደርድረን የውሃ ጋሪ እንጠብቃለን። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያልን እንስቅ ነበር። ቆይቶ ሳቁም አስጠላን።

በመጨረሻ ራሳችን አዋጥተን ጉድጓድ አስቆፈርን። ፓምፕ ተተከለ፤ ጉብታው ላይ ትልቅ ታንከር ቆመ፤ ከታንከሩ ሁለት መስመር ወረደ፣ አንዱ ለላይኛው ሰፈር፣ አንዱ ለታችኛው። ውሃው ለሁለቱም በአንድ ቀን ስለማይበቃ በፈረቃ ተከፋፈልን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለላይኛው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለታችኛው። እሑድ ታንከሩ ሲሞላ ይውላል። የመስመሮቹ መክፈቻ በብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ በውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እጅ።

የመጀመሪያው ሰብሳቢያችን በፋብሪካ መካኒክነት ያረጁ ጡረተኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው ለሥራ ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው በታችኛው መስመር ጫፍ ላይ ነው፤ ውሃው እሳቸው ዘንድ እስኪደርስ ጉልበቱ ያልቃል። አንድ ጊዜ የኮሚቴው ሰዎች መስመሩን አዙረን በደጅዎ እናሳልፈው ብለዋቸው ነበር።

«ተዉት» አሉ። «የእኔ ቧንቧ ከፈሰሰ የሁሉም ፈሷል ማለት ነው። በዚያ ነው የማውቀው።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ዶማቸው ስቶ ዋናውን ቧንቧ ሰበረው። ማንም አላያቸውም። ያን ቀን ሱሪያቸውን እንደሰበሰቡ ከቤት ቤት እየዞሩ በር አንኳኩ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ፣ «ቧንቧውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። እስከ ማታ እጠግነዋለሁ» ብለው ሄዱ። ለምን ይደክማሉ፣ ቢጠግኑት አይበቃም ወይ ብዬ በልቤ ሳቅሁባቸው።

እግራቸው እምቢ ሲላቸው ልጃቸው ከተማ ወስዳ ከእሷ ጋር አኖረቻቸው። እኔ በምትካቸው ተመረጥሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። መናገር እችላለሁ፤ መጻፍ እችላለሁ። የፈረቃውን ሰሌዳ በኮምፒውተር አሠርቼ፣ በፕላስቲክ አስለብጬ በየማዕዘኑ ሰቀልሁ። የውሃውን ንጽሕና በየወሩ አስመረምር ነበር። ታንከሩ ሲታጠብ ጫማዬን አውልቄ ቀድሜ የምገባው እኔ ነበርሁ። ሰው አመሰገነኝ። እኔም ከልቤ አገልጋይ የሆንሁ መሰለኝ። ውሸትም አልነበረም፤ ያን ሁሉ ሥራ ወድጄ ነበር የምሠራው። ብቻ ያን ሁሉ ሳደርግ ሰው እያየኝ ነበር።

በሥራ ቀን ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ቁልፉን ለጥበቃችን እሰጣቸዋለሁ፤ የተረኛውን መስመር ከፍተው ማታ ይመልሱልኛል። ጥበቃችን ከእኛ በፊት እዚያው መሬት ላይ ሲያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ንግግራቸው ጥቂት ነው።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ እኔ ቤት ነው የታረሰችው። ወንድ ነበርና ክርስትናው በአርባ ቀኑ፣ እሑድ ዕለት ሆነ። በዚያ ሳምንት ሐሙስ፣ የእኛ የታችኞቹ ተራ በነበረበት ቀን፣ መብራት ከጧት እስከ ማታ ጠፋ። ፓምፑ አልሠራም። ዓርብ ጧት መብራት መጣ፤ ታንከሩ መሙላት ጀመረ። የእኔ ቤት ግን ባዶ ነበር። የሕፃኑ ጨርቅ ተከምሯል፤ የተዋስሁት ድስትና ሳህን ሁሉ አቧራ ለብሶ ደጅ ተደርድሯል፤ ሊያግዙኝ የመጡ ሴቶች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

ያመለጠ ተራ አይካካስም የሚል ደንብ ነበረን። ያንን ደንብ በራሴ እጅ ነው የጻፍሁት። ዓርብ ጧት ወደ ጉብታው ስወጣ ግን «ሐሙስ የእኛ ነበር፣ ቀርቶብናል፤ ሁለት ሰዓት ብቻ» እያልሁ ለራሴ እነግረው ነበር። ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ስለነበር ቁልፉ በእጄ ነው። ሳጥኑን ከፍቼ የታችኛውን መስመር ለቀቅሁት።

ጥበቃው ከጎጆአቸው ወጥተው አዩኝ።

«መምህርት፣ ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ አባባ። ዛሬ ተቀይሯል።»

ሳጥኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «እሺ» ብለው ተመለሱ።

ሁለት ሰዓት ያልሁት ሦስት ሆነ። ታንከሩም እንደገመትሁት አልነበረም፤ ከግማሽ በታች ነው። በኋላ መስመሩን ወደ ላይኛው ሳዞረው ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ወረደና ቆመ። ከሰዓት በኋላ መብራት እንደገና ሄደ። ላይኛው ሰፈር ያን ቀን አንድ ጀሪካን አልቀዳም። እኔ ዘንድ ድስቱ ታጠበ፤ ጨርቁ ነጥቶ ተሰጣ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ድግሱ ሞቅ ባለ ጊዜ አንዲት የላይኛው ሰፈር ጎረቤቴ መጣች። ቤቷ ፀጉር የምትሠራ ሴት ናት፤ እናቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ የምታነሣቸውም የምታጥባቸውም እሷ ናት። ለሕፃኑ የሹራብ ኮፍያ ሠርታ አምጥታለች። ሳም አድርጋኝ በጆሮዬ እንዲህ አለች፦

«እህቴ፣ ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። እናቴን ሳላጥባት ትቻት ነው የመጣሁት። ዓርብ ውሃ አልመጣልንም፤ የረቡዕ ውሃ ደግሞ አለቀብኝ። መብራት ነው አይደል?»

ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። አጠገባችን ሰው አልነበረም። እሷም ምንም አልጠረጠረችም፤ አዝና ነበር እንጂ አልተቆጣችም።

«አዎ፣ መብራት ነው» አልኋት።

«እኔም ብያለሁ። ሌላ ቢሆን አንቺ ትነግሪን ነበር» አለችኝና ገብታ ተቀመጠች። እንጀራ አቀረብሁላት። ስትበላ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

ነገሩ በሳምንቱ ውስጥ ወጣ። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ዓርብ ውሃ እንደቀዱ በየገበያውና በየታክሲው አወሩ፤ ማካካሻ መስሏቸው ነበርና አልደበቁም። ላይኛዎቹ ተቆጡ። ግን አንድም ሰው እኔን አልጠረጠረም። «መምህርት እንኳ መብራት መስሏት ነበር» ተባባሉ። ታዲያ ማን? ጥበቃው። አርጅተዋል፤ ቀን ይምታታባቸዋል፤ የታችኛውን ከፍተው ይሆናል።

የኮሚቴያችን አባል የሆነ የላይኛው ሰፈር ሰው ሄዶ ጠየቃቸው። ሲመለስ ራሱን እየነቀነቀ ነገረኝ።

«ዓርብ ማን ከፈተው ብላቸው፣ የሚያውቅ ይናገር አሉኝ። ሌላ ቃል የላቸውም። አእምሯቸው እየደከመ ነው። እሑድ ሰፈሩን ሰብስበን ሌላ ጥበቃ እንምረጥ።»

«እስቲ እናጣራ» አልሁት። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ጊዜ ሲገዛ የሚላት ቃል ናት።

ቅዳሜ ዕለት ወደ ከተማ ሄጄ የቀድሞውን ሰብሳቢ ጠየቅኋቸው። የልጃቸው ቤት ከሐይቁ ዳር ብዙ አይርቅም፤ እኔ ስደርስ ወደ ዳር አውጥታ ዋርካ ሥር ወንበር ላይ አስቀምጣቸው ነበር። ከፊት ለፊታችን ሁለት ታንኳ ደንገል ጭኖ ያልፋል። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሐሙስን፣ ድስቱን፣ የታንከሩን መጉደል፣ ጎረቤቴን የዋሸኋትን፣ የጥበቃውን ነገር። ሳወራ እንባዬ መጣ። እውነቱን ለመናገር እንዲያዝኑልኝ ፈልጌ ነበር። ሰው ሁሉ ይሳሳታል እንዲሉኝ።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ፣ ልጄ? እኔን ውሃ አልጠማኝም።»

«ጋሼ፣ ምክር ፈልጌ ነው።»

«ምክር አይደለም የፈለግሽው። እዚህ ተናግረሽ እዚያ እንዲቀርልሽ ነው።»

ደነገጥሁ። ቀስ ብለው እጄን ያዙኝ። እጃቸው እንደ ድሮው ሻካራ ነው።

«ሳጥኑን ስትከፍቺ ብቻሽን ነበርሽ?»

«ጥበቃው አይተውኛል።»

«እንግዲያው ከእሱ ጀምሪ። ከዚያ ወደተጠማው ሂጂ። በኋላ ሻይ እንጠጣለን።»

ከዚያ በላይ ስለዚያ ነገር አላወሩኝም። ስለ ልጄና ስለ ሕፃኑ ጠየቁኝ፤ ስለ እግራቸው አጫወቱኝ። ስነሣ ልቤ ቆርጦ ነበር። ሚኒባስ ተሳፍሬ ቀጥታ ወደ ጉብታው ወጣሁ።

ጥበቃው ከታንከሩ ሥር አረም እየነቀሉ ነበር። ሰላም ብያቸው አጠገባቸው በርከክ አልሁና እኔም መንቀል ጀመርሁ። ቃሉ አልወጣልኝ ብሎ ብዙ ነቀልሁ።

«አባባ፣ ነገ ሕዝቡ ፊት እናገራለሁ» አልኋቸው።

«ይናገራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።»

«ባልናገርስ ኖሮ?»

«እሄድ ነበራ።»

«ለምን? እርስዎ ምን አደረጉ? ያዩትን መናገር ይችሉ ነበር።»

የነቀሉትን አረም ከምረው ቀና አሉ። «ይህ ሰፈር ከየአገሩ ተለቃቅሞ የገባ ነው፣ መምህርት። አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ያገናኘው ይህ ውሃ ነው። ሰብሳቢዋ ዋሸች ከሚባል ጥበቃው ጃጀ ቢባል ለሰፈሩ ይሻላል ብዬ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርሁበት ጊዜ የለም። እኔ ለድግሴ ስል መልካም ስማቸውን አሳልፌ ሰጥቼ ነበር። እሳቸው ደግሞ ለእኔ ሳይሆን ለሰፈሩ ሲሉ ስማቸውን ሊሰጡ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ታንከር ማጠብ፣ ሰሌዳ መስቀል፣ ቀድሞ ጭቃ ውስጥ መግባት ጥሩ ነው፤ ማንም ትጉህ ሰው ሊያደርገው ይችላል። የሰው ጠባይ የሚታየው ግን ሳጥኑ ፊት ብቻውን ሲቆም ነው። የእኔ ጠባይ ያን ዓርብ ታየ፤ ቀጥሎ እሑድ ታየ፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ታየ። ለጎረቤቴ መናገር ስላልደፈርሁ ሌላ ሰው ሊባረርልኝ ነበር።

በማግሥቱ ሰፈሩ ከቅዳሴ በኋላ ታንከሩ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። የኮሚቴው ሰው ስለ ጥበቃው ሊጀምር ሲል ተነሣሁ። ማታ ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ አጭሩን ተናገርሁ።

«ዓርብ ውሃውን ወደ ታችኛው ሰፈር የለቀቅሁት እኔ ነኝ። አባባ አልተሳሳቱም፤ ቁልፉም በእጃቸው አልነበረም። ለልጅ ልጄ ክርስትና ፈልጌ ነው የከፈትሁት። ለጠየቀችኝም መብራት ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። አባባ ሲታሙም ሳምንት ሙሉ ዝም ብያለሁ።»

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። አንዱ «በሁለት ጀሪካን ነገር ይህን ያህል?» አለ። ሌላው «ዛሬ ድስት ያጠበችበትን፣ ነገ ለዘመዷ ቤት መሥሪያ ትለቀዋለች» አለ። ይህ ከሁሉም በላይ አመመኝ። ፀጉር የምትሠራዋ ጎረቤቴ ከኋላ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል ሄደች። ልከተላት ስል ጥበቃው በእጃቸው ከለከሉኝ።

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ለስብሰባው የቀረበው ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት። ማንም «አይ፣ ያዢው» አላለኝም። ትንሽ ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። የኮሚቴው ሰው ጥበቃውን ሕዝቡ ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ እሳቸውም «ምንም አይደል፣ አረም ልንቀል» ብለው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰፈሩ በምትኬ ያችኑ ፀጉር የምትሠራ ጎረቤቴን መረጠ። በማግሥቱ ጧት በሬን አንኳኳች። ከስብሰባው ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም፤ ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ሰው አለብኝ ብላ በር ላይ መልሳኝ ነበር።

«ሰሌዳውን ማን ይጽፈዋል?» አለችኝ ቆማ።

«እኔ ልጽፍልሽ እችላለሁ።»

«እኔ ሰው ስሠራ ነው የምውለው፤ ጊዜ የለኝም። አንቺ ትጽፊያለሽ፣ እኔ እያነበብሁ እፈርማለሁ። አንድ ቀን ካዛባሽ ግን…»

«አላዛባም።»

«እናያለን» ብላ ሄደች። እንድትገባ ስለምናት እንኳ አልዞረችም።

እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት ሠራን። ጸሐፊ ሆንሁ። ቁልፍ በእጄ አልነበረም። ሰሌዳውን ስወስድላት አንዷን ደንበኛ እየሠራች በሌላ እጇ ወረቀቱን ይዛ ከላይ እስከ ታች ታነበዋለች። መጀመሪያ ይከብደኝ ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመት ያስተማርሁ ሰው እንደ ተማሪ እታረማለሁ። ግን ወስኜ ነበር። ካቆምሁ ያ ዓርብ የመጨረሻው ሥራዬ ሆኖ ይቀራል። ያንን አልፈለግሁም። ስለዚህ በየሳምንቱ ጻፍሁ፤ መስመር ሲፈነዳ ቆፈርሁ፤ ሲሰድቡኝ ሰማሁ።

በሁለተኛው ክረምት መግቢያ ላይ ፓምፑ ተቃጠለ። መለዋወጫው እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ያለ ውሃ ቆየን። በአምስተኛው ቀን አንድ የውሃ ቦቴ ለምነን አስመጣን። ሁለቱም ሰፈር ጀሪካኑን ይዞ መንገዱ ላይ ተሰለፈ። ሰብሳቢያችን ራሷ ቱቦውን ይዛ ልትቀዳ ቆማለች። ሾፌሩ የሰማው ነገር ስለነበረ፣ «እናትሽ ታመዋል አሉ፤ የአንቺን መጀመሪያ ሙዪና ወደ ቤት ላኪው» አላት ቀስ ብሎ። እኔ ከጎኗ ሆኜ ስም እየጻፍሁ ስለነበር ሰማሁት።

ቱቦውን ለእኔ ሰጠችኝና ወደ ሰልፉ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ወገኖቼ፣ ተራዬ ገና ነው። እናቴ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሳትታጠብ ተኝታለች። አንድ ጀሪካን ቀድሜ ልውሰድ? እምቢ ካላችሁ ተራዬን እጠብቃለሁ።»

«ኧረ ውሰጂ!» አለ ሰልፉ። «ሁለት ውሰጂ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ጎረቤቴ አንድ ብቻ ቀዳች። አንድ ወጣት ተሸክሞ ወሰደላት፤ እሷ ቱቦውን ከእጄ ተቀብላ መቅዳት ቀጠለች። የቀረውን ጀሪካኗን በተራዋ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ነው የሞላችው።

እኔ ስም መጻፌን አቁሜ ቆሜ ቀረሁ። ያን ዓርብ እኔም ችግር ነበረብኝ፤ አራስ ልጅ፣ ሕፃን፣ እንግዳ። ችግሬ ነውር አልነበረም። ወደ ላይኛው ሰፈር ወጥቼ ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ብነጋገር ኖሮ ጀሪካን ተሸክመው ያመጡልኝ ነበር። መጠየቅ ከሌላው እኩል ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ ሳይታወቀኝ ከሌላው በላይ መሆን ለምጄ ነበር።

ሰልፉ ሲያልቅ ሁለታችንም እስከ ጉልበታችን ረጥበን ቦቴው የነበረበት ጭቃ ላይ ቆምን።

«አይተሽኛል» አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

«እናቴን ዛሬ በዚያች ጀሪካን አብሳታለሁ፣ ነገ ደግሞ በደንብ አጥባታለሁ፤ ማንሣቱ ለብቻዬ እየከበደኝ ነው። ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኋት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሄድሁ። እናቷን አንሥተን አጠብናቸው፤ ልብሳቸውን ቀየርን። ስለ ዓርቡ እሷም አላነሣች፣ እኔም አላነሣሁ።

የሰብሳቢነት ዘመኗ ባለፈው ወር አለቀ። ቀጥዪ ብትባል የእናቷ ነገር አላስቻላትም። ጥቂት ሰዎች የእኔን ስም አነሡ። ከተሰበሰበው ግማሹ አዲስ ነው፤ ማሳው ሁሉ ቤት ሆኗል፤ ከየመሥሪያ ቤቱ ተዛውረው የመጡ ቤተሰቦች ናቸው፣ የድሮውን አያውቁም። ስለዚህ ከምርጫው በፊት ተነሥቼ ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ሳላሳጥርና ሳላሳምር።

አንድ ወጣት ባለትዳር እጁን አወጣ። «ይህን ባትነግሪን ኖሮ አናውቅም ነበር እኮ።»

«ሳታውቁ ልትመርጡኝ ነበር፤ ለዚያ ነው የነገርኋችሁ» አልሁት።

እጅ ተቆጠረ። አለፍሁ፤ ግን በጥቂት ነው። በግልጽ ከተቃወሙኝ አንደኛው ኮሚቴ ውስጥ ያልነበረ ሌላ የላይኛው ሰፈር ሰው ነበር። እሱን ኮሚቴው ውስጥ ግባልኝ ብዬ ለመንሁት፤ የሳጥኑም መቆለፊያ ሁለት እንዲሆን፣ የአንዱ ቁልፍ በእኔ፣ የሌላው በእሱ እጅ እንዲሆን፣ ያለ ሁለታችን እንዳይከፈት አስወሰንሁ። መጀመሪያ አልወደደውም፣ ሥራ በዛብኝ አለ። በኋላ ግን ተቀበለ። አሁን በየማለዳው ጉብታው ላይ እንገናኛለን። ብዙም አንዋደድም፤ እሱ ከሰላምታ ሌላ አያወራኝም። ሁለታችንም ግን በሰዓታችን እንመጣለን።